ምንባቡን አታንብቡ ያልኩት እኔ ነኝ

የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ለብዙ ዓመታት ተማሪዎቼን ያስተማርኳቸው ማንበብን ሳይሆን ሳያነቡ መልስ መምረጥን ነው። ነገሩን በደፈናው ማለፍ አልፈልግም፤ ጥፋቴ በጽሑፍ የሰፈረ ነው። አንዲት ገጽ ወረቀት አዘጋጅቼ፣ ፎቶ ኮፒ እያስደረግሁ፣ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳድል ኖሬአለሁ። «የሜይን አይዲያ ጥያቄ አሠራር» ትላለች ርዕሷ።

ወረቀቷ የምትመክረው ይህን ነበር። ምንባቡን ትታችሁ በቀጥታ ወደ ጥያቄው ሂዱ። «ዘ ፓሴጅ ኢዝ ሜይንሊ አባውት» ወይም «ዘ ቤስት ታይትል» የሚል ካያችሁ ተመልሳችሁ የመጀመሪያውን አንቀጽ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ የመጨረሻውንም አንቀጽ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ብቻ እዩ። እዚያ ያገኛችሁት ቃል በየትኛው ምርጫ ውስጥ እንዳለ ፈልጉ። «ኦል»፣ «ኔቨር»፣ «ኦንሊ» ያለበትን ሰርዙ። ሁለት ከቀሩ ረዘም ያለውን አጥቁሩ። ከታች በደማቁ የተጻፈው ደግሞ «መሐሉን አታንብቡ፣ ጊዜ ይበላል» ይላል።

ተማሪዎቹ ወረቀቷን ወደዷት። እኔንም ወደዱኝ። የክረምት ቲቶሪያል ሲከፈት ከሌላ ትምህርት ቤት ሳይቀር ስሜን ሰምተው የሚመዘገቡ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ያኔ ምን አግኝቼበት እንደነበር ስለማውቅ ነው። ገንዘብ አግኝቼበታለሁ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ግን «የሱ ሾርት ከት ይሠራል» መባሉ ደስ ያሰኘኝ ነበር።

ለምን እንዲህ አደረግሁ ብዬ ራሴን ስጠይቅ ሰበብ አላጣም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲማሩ ይል ነበር። ልጁ እስከ ስድስተኛ፣ አንዳንዱ ጋ እስከ ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲማር ቆይቶ፣ ከዚያ በላይ ሲሸጋገር ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም፣ ሒሳቡም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ሰባ ሰማንያ ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ስም ተጠርቶ እስኪጀመር በሚያልቅበት ሁኔታ፣ አንድ ምንባብ በወጉ ማንበብ ቀላል አይደለም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ወረቀቷን ያዘጋጀሁት እኔ እንጂ ፖሊሲው አይደለም።

ሌላም አለ። እኔ ራሴ ያደግሁበት የንባብ ክፍለ ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር አስታውሳለሁ። መምህሩ አንዱን ተማሪ ያስነሡታል፤ ጮክ ብሎ አንድ አንቀጽ ያነባል፤ አነጋገሩን ያርሙታል፤ ይቀመጣል፤ ቀጣዩ ይነሣል። ምንባቡ ሲያልቅ ትምህርቱም አለቀ ማለት ነው። የጻፈው ሰው ምን ሊል ፈልጎ እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። መምህር ከሆንኩ በኋላም ያንኑ አደረግሁ። ድምፅ ማውጣትን ከማንበብ ለይቼ የማላውቅ ሰው፣ ማንበብ ሲቸግር አቋራጭ ቢፈልግ አያስገርምም። የሚያሳዝነው አቋራጩን ብልሃት ብዬ ለሌሎች ማስተማሬ ነው።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ስሟን አልጠራም። ከገጠር መጥታ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ስንቋን ከወላጆቿ ቤት እያመላለሰች የምትኖር ልጅ ናት። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቷ መስመሩን ይከተላል። ዝግ ብላ ነው የምታነበው፤ ሌሎቹ ወረቀታቸውን መልሰው ሲወጡ እሷ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ናት።

አንድ ቀን በሞዴል ፈተና ውስጥ ስለ ሐረማያ ሐይቅ የሚያወራ ምንባብ አካትቼ ነበር። ከሌላ ቦታ ያገኘሁት ነው፤ መልስ አብሮት አልመጣም። መልሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ በወረቀቷ ዘዴ። የመጀመሪያው አንቀጽ ሐይቁ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ እንደነበር፣ ዓሣ ይጠመድበት፣ ወፎች ይሰፍሩበት እንደነበር ይናገራል። ሁለተኛው በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) ሐይቁ እንደደረቀና ብዙ ሰው ምክንያቱ የዝናብ ማነስ ነው ብሎ እንደሚያምን ይገልጻል። ሦስተኛው «ሀውኤቨር» ብሎ ይጀምርና ፊቱን ያዞራል። ለከተማ የሚሳበውን ውሃ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ በፓምፕ የሚወጣውን ውሃ፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች እየታጠበ የሐይቁን ወለል የሞላውን ደለል አንድ በአንድ ያነሣል። የመጨረሻው አንቀጽ በደረቀው የሐይቁ ወለል ላይ ከብት እንደሚግጥ፣ ልጆችም ኳስ እንደሚጫወቱ ነግሮ ያበቃል።

ጥያቄው ዋናው ሐሳብ ምንድን ነው የሚል ነው። ኤ፣ ሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ምንጭ እንደነበር። ቢ፣ በአፍሪካ ስላለው የውሃ እጥረት። ሲ፣ ገበሬዎች ጫት ለማጠጣት ፓምፕ መጠቀማቸው። ዲ፣ ሐይቁን ከዝናብ ማነስ ይልቅ የሰው አጠቃቀም እንዳደረቀው። እኔ መልሱ ኤ ነው ብዬ ነበር፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ያለው ቃል በሙሉ እዚያ ውስጥ አለና።

ልጅቷ ዲ ብላ ነበር። ኤክስ አደረግሁባት።

በእረፍት ሰዓት የፈተና ወረቀቷን ይዛ መምህራን ማረፊያ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ ይሄኛው ግን ልክ የሆንኩ ይመስለኛል» አለችኝ። ለምን ስላት በአማርኛ መለሰችልኝ። «የጻፈው ሰውዬ እኮ የሚለው፣ ሐይቁን ያደረቀው ዝናብ ነው ትላላችሁ፣ ግን እኛው ነን ያደረቅነው ነው።» አሁን ሳስበው ከዚያ የተሻለ መልስ ሊኖር አይችልም። የአራት አንቀጽ ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው። እኔ ግን «በእንግሊዝኛ ንገሪኝ» አልኳት። «ኢት ኢዝ ኖት ሬይን» ብላ ጀመረችና ቆመች። ቃሉ አልመጣላትም። ያን ዝምታዋን አለማወቅ አድርጌ ቆጠርኩት።

ከዚያ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚል ጠየቅኳት። ለሐረር ውሃ ይሰጥ ነበር ይላል አለችኝ። «ታዲያ?» አልኳት። አጎንብሳ «ኤ» አለች። ቀጥሎ ያልኳትን እስከ ዛሬ መርሳት አልቻልኩም። «አየሽ፣ የምትሳሳቺው ሙሉውን ስለምታነቢ ነው። ጊዜ የሚያልቅብሽም ለዚህ ነው» አልኳት። «እሺ ቲቸር፣ አመሰግናለሁ» ብላኝ ሄደች።

ምክሬን ሰማች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ፈተናዎች ጣቷ በመስመሩ ላይ መሄዱን ተወ፤ ከንፈሯም። ደወል ሳይደወል መጨረስ ጀመረች። በጓደኞቿ ፊት አመሰገንኳት፣ «እንደሷ ፍጠኑ» አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ያለችውን ብቸኛዋን አንባቢ ገማች ካደረግሁ በኋላ ምሳሌ አድርጌ አቆምኳት።

ስህተቴን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊው የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ ፈተናው ሲሰረዝና እንደገና ሲሰጥ፣ እንደ ብዙ መምህር እኔም የተናደድኩት በሰረቁት ላይ ነበር። በኋላ ኩረጃን ለማስቀረት ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሄደ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ተፈተኑ። ውጤቱ ጥር ላይ ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከጠቅላላው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። የሰሜኑ ጦርነት ነበር፣ የኮሮና ዓመታት ነበሩ፣ የመጽሐፍና የመምህር እጥረት ነበር፤ ይህን ሁሉ ለአንድ ወረቀት ማሸከም አልችልም። ኩረጃው ሲቀር ግን ከሥር የነበረው ታየ። የእኔም ተማሪዎች ካላለፉት ውስጥ ነበሩ። አንዱ ደውሎ «ቲቸር፣ ፓሴጁ ላይ ያልከንን አደረግን፣ ግን ምርጫዎቹ ሁሉም ልክ ይመስሉ ነበር» አለኝ። ሁሉም ልክ ይመስሉ ነበር ያለው ነገር ከመቶኛው በላይ አሳሰበኝ። ለማያነብ ሰው ሁሉም ልክ ነው የሚመስለው።

በዚያ ሰሞን የድሮ ወርክሺቶቼን አውጥቼ፣ ምንባቦቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ ጀመርኩ። ለአንዳንዶቹ ይህ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ዓመት ከዓመት የፈተንኩባቸውን፣ መልስ የሰጠሁባቸውን፣ ውጤት የሞላሁባቸውን ምንባቦች አንብቤ ጨርሼ አላውቅም ነበር። ይህን መጻፍ ከባድ ነው፤ ግን እንዲህ ነበር። ሐረማያ ላይ ስደርስ «ሀውኤቨር»ን አየኋት፤ ልጅቷ ትዝ አለችኝ።

የሐረማያዋ ጥያቄ ብቻዋን አልነበረችም። ስለ አበበ ቢቂላ የሚያወራም አንድ ምንባብ ነበረኝ። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያነሣና ወዲያው ወደ ቶኪዮ ይሄዳል። በ1964 እ.ኤ.አ. ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ በዚያ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጦ፣ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው መሆኑን ይተርካል። የጽሑፉ ነገር ቶኪዮ ነው፤ የሮሙ ድል የአጋጣሚ አልነበረም ለማለት ነው የተጻፈው። ከምርጫዎቹ አንዱ ደግሞ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ» ይላል። ይህ እውነት ነው። ኢትዮጵያዊ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ጽሑፉ ግን ይህን ሊነግረን አልተጻፈም። ልጆቹ እሱን መረጡ፤ መልሴም እሱ ነበር። የሚያውቁትን መረጡ እንጂ ያነበቡትን አልመረጡም።

እነዚህን ጥያቄዎች መላልሼ ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። ጥያቄ የሚያወጣ ሰው የእኔን ወረቀት ዓይነት ዘዴ አሳምሮ ያውቃል። ማሳሳቻውን የሚሠራው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ገልብጦ ነው። ትክክለኛውን መልስ ደግሞ ምንባቡ ውስጥ በሌሉ ቃላት ይጽፈዋል፤ የተረዳ ብቻ እንዲያገኘው። ስለዚህ ቃል ከቃል የሚያዛምድ ልጅ ወደ ወጥመዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እኔ ነበርኩ የምመራው።

መሪ ሐሳብ መጀመሪያ ላይ ነው የሚለው ነገር ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። አንቀጽ አጻጻፍ ስናስተምር ኃይለ ቃሉን ከፊት አድርጉ እንላለን፤ ለጀማሪ ጸሐፊ ጥሩ ምክር ነው። የአማርኛው መማሪያ መጽሐፍ እንኳ ግን ኃይለ ቃል መሐልም መጨረሻም ሊሆን እንደሚችል ያስተምራል። ለአንድ አንቀጽ የተሰጠ የአጻጻፍ ምክርን ለሙሉ ጽሑፍ የንባብ ሕግ አድርጌ ሰጠሁት። እውነተኛ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሌላው ሰው ከሚያምነው ነገር ነው፤ የራሱን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። «በት»፣ «ዬት»፣ «ሀውኤቨር» የሚሉት ቃላት ያሉት እኔ አታንብቡ ባልኩት መሐል ነው።

አሁን የማስተምረው በጣም ቀርፋፋ ነው። ምንባቡን ሙሉውን እናነባለን። እያንዳንዱ አንቀጽ ሲያልቅ ወረቀቱን ገልብጠው ጸሐፊው ምን እንዳለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግሩኛል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በፈለጉት ቋንቋ። ለዓመታት በእንግሊዝኛ ክፍል አማርኛ ከልክዬ ነበር። ያ ክልከላ ብዙ ልጆች የተረዱትን ነገር ዋጥ አድርገው እንዲቀመጡ አድርጓል። አሁን መጀመሪያ ነገሩን ያገኙታል፤ እንግሊዝኛውን አብረን እንፈልግለታለን። ከዚያ በኋላ ነው ምርጫዎቹን የምናያቸው። አንዱን ምርጫ ስናነሣ «ጸሐፊው ይህን ብቻ ሊነግረን ይህን ሁሉ ይጽፍ ነበር?» እላቸዋለሁ። ለሐረር ውሃ መስጠቱን ብቻ ሊነግረን ቢሆን ኖሮ ሦስተኛው አንቀጽ ለምን አስፈለገ? ስለ አፍሪካ ውሃ ሊያወራ ቢሆን የሐረማያን ኮረብታ ምን አመጣው? የጫቱ ፓምፕ አለ፣ ግን ደለሉስ? እንዲህ እያልን አንዱ ከሌላው በታች ሲወድቅ ልጆቹ በዓይናቸው ያዩታል።

ሁሉም አልወደደውም። ፈተና የደረሰባቸው «ቲቸር ጊዜ የለንም፣ ሾርት ከቱን ስጠን» ይሉኛል፤ እነሱን መውቀስ አልችልም፣ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። መጽሐፉን በጊዜው አልጨርስም፤ በዚህም ተወቅሻለሁ፣ ወቀሳውም ተገቢ ነው። በፈተናው ሰዓትም ቢሆን ሙሉውን ማንበብ ጊዜ ይወስዳል፤ ልምዱ ቀደም ብሎ ካልተጀመረ በ12ኛ ክፍል ላይ አይደረስበትም። ይህን የምለው አዲሱ መንገድ ሁሉን ያስተካክላል ብዬ አይደለም። ከዘጠነኛ ክፍል የያዝኳቸው ልጆች ግን ምርጫውን ሳያዩ መልሱን መናገር ጀምረዋል፤ እሱን በጆሮዬ እሰማለሁ።

ልጅቷን ፈልጌ አገኘኋት። የክፍል ጓደኛዋ ስልኳን ሰጠኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተመርቃ፣ ሥራ ላይ ናት። ስለ ሐረማያው ምንባብ ስነግራት ትንሽ ቆይታ አስታወሰች። ልክ አንቺ ነበርሽ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኳት። ችግር የለም ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንዲያ አላለችም። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሃንድአውቱን ሁሉ ከላይና ከታች እያየች ታልፍ እንደነበር፣ ፈተና ላይ «አብራሩ» ሲባል የምትጽፈው እንዳልነበራት ነገረችኝ። «ያንን ነገር ለመተው ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል ቲቸር» አለች። በቁጣ አልነበረም፤ እንዲያው የሆነውን ነው የነገረችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ስለደወልክ» አለችኝና ስለ ጤናዬና ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ እኔም በይኝ አላልኳትም።

ወረቀቷ ግን አሁንም አለች። ባለፈው ከትምህርት ቤት ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ኦሪጅናሏን አውጣልኝ ብለው፣ ልጁ አወጣልኝ፤ ግን ስልኩን አሳየኝ። ተማሪዎች በቴሌግራም እየተቀባበሏት ነው፤ ስሜ ከላይ ተቆርጦ ወጥቷል፣ አንዳንዱ የሌላ መምህር ስም ለጥፎባታል። መሰብሰብ አልችልም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፦ ያቺን ወረቀት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከሷ ጋር የሚዞረው ወርክሺት በእጃችሁ ካለ፣ የአበበ ቢቂላው ጥያቄ መልስ ባዶ እግሩ አይደለም፤ የቶኪዮው ነው። የሐረማያው መልስ ዲ ነው። በዚያን ጊዜ ዲ ብላችሁ ኤክስ የተደረገባችሁ ካላችሁ፣ አንብባችሁ ነበር፤ ነጥቡ የእናንተ ነው።